ከእናትሽ ቁም ሳጥን የወጣ አልጋ

ስሞላ ደሴት፣ ማርች 9

ልጄ ዮርዲስ፣

ሆድሽ ገፍቶ ጫማሽን ማሰር እንዳቃተሽ ስትጽፊልኝ ሳቅኩም፣ አዘንኩልሽም። እግርሽን ከፍ አድርገሽ አረፍ በይ፤ ኮፐንሃገን ያላንቺም ውላ ታድራለች። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ትበላለች፣ ትተኛለች።

ለልጅሽ አልጋ ሠርቻለሁ። እንጨቱን ታውቂዋለሽ፤ አያትሽ ለሰርጋችን የሠሩልን የጥድ ቁም ሳጥን ነው። እንዴት አስችሎህ ቆረጥከው እንደምትይኝ ስለማውቅ ልንገርሽ። የእናትሽ መርሳት ከምታውቂው በላይ ሆኗል። "ወደ ቤቴ ልሂድ" እያለች በየቀኑ ልብሷን ከቁም ሳጥኑ እያወጣች ትሸክፍ ነበር። ከገና በኋላ አንድ ቀን፣ ከላይ ያለውን ሻንጣ ላውርድ ብላ መሳቢያው ላይ ስትወጣ ቁም ሳጥኑ ተገለበጠ። የአልጋችን ጠርዝ ባይዘው ኖሮ ከሥሩ ትቀር ነበር። ከዚያ ወዲያ እቤት ላቆየው ፈራሁ። ምድጃ ውስጥ ልማግደውም አልቻልኩም።

መጋዝ ሳነሳ አየችኝ። "የአባቴን እጅ ነው የምትቆርጠው፣ ጉድሙንድ" አለችኝ። ስለዚህ ሥራውን ወደ ጀልባ ማሳደሪያው ወሰድኩት። ባዶውን ቦታ ስታይ ግን ዕቃዋን ልትፈልግ ወጣች። ጎረቤታችን ኦድላውግ በረዶው መሀል በቤት ጫማ ስትሄድ አግኝታ መለሰቻት።

"ብቻህን አትችላትም። ለዮርዲስ ንገራት" አለችኝ ኦድላውግ።

"ነፍሰ ጡር አላስጨንቅም።"

"መጨነቋ እንደሆነ አይቀርም። ዘግይታ ከሰማች ግን አትምርህም።"

በማግስቱ እናትሽን ጀልባ ማሳደሪያው ይዣት ሄድኩ፤ ካየችው ፍለጋው ይቀርላታል ብዬ። የቁም ሳጥኑ በሮች የአልጋው ራስጌና ግርጌ ሆነዋል፤ መደርደሪያዎቹን ሰንጥቄ የጎን ዘንጎች አድርጌያቸዋለሁ። ልጁ እንዳይልሰው የድሮውን ቀለም እስከ እንጨቱ ፍቄዋለሁ። ዳሰሰችው፤ የአባቷ ሥራ መሆኑን አላወቀችም። ብርጭቆ ወረቀት አንስታ ከጎኔ ተቀመጠችና ዘንጎቹን ማለስለስ ጀመረች። እንደዚያ አጠገቤ ከተቀመጠች ቆይታለች፤ ደስ አለኝ።

"ለማን ነው?" አለች።

"ለዮርዲስ ልጅ።"

ሳቀች። "ዮርዲስ እኮ ገና ጥርስ አላበቀለችም።"

ትንሽ ቆይታ ቀና ብላ አየችኝ። "እጅዎ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ባለቤቴ ከባሕር ሲመለስ ያየዋል። የሰው ሥራ ማድነቅ ይወዳል።"

ካገባኋት ጀምሮ "አንተ" እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

"እሺ እመቤት፣ እጠብቀዋለሁ" አልኳት። ምን ልበላት?

አልጋውን በመርከብ እልክልሻለሁ ብዬ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂው፤ ካልፈቀደልሽ ልጁን ይዘሽ ነይ። ብቻ አትቆዪ። እኔን አላስቸገረችኝም፤ ኦድላውግ የምትልሽን ሁሉ አትስሚ።

እግዚአብሔር በደህና ያገላግልሽ፤ የልጅሽን ዓይን ለማየት ያብቃን። ስትደርሺ፣ እናትሽን ከማቀፍሽ በፊት ስምሽን ንገሪያት።

አባትሽ
ጉድሙንድ