ልጃቸውን አልፈው ሕፃናቱን ለሌላ እጅ የሰጡት የልብ ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ከእኅታችን በፊት ቤታችንን ያቆሙት ሰዎች ለመለኪያ የሚጠቀሱ ነበሩ። ወንድ አያታችን የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ሳሉ ሚዛኑ ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘበትን የገዛ ወንድማቸውን ሱቅ በእጃቸው አሽገዋል። ሴት አያታችን አዋላጅ ነበሩ፤ ሁለተኛ አዋላጅ ሳይጠሩ አያዋልዱም፤ «ብቻውን ያለ ዓይን ራሱን ያምናል» ይሉ ነበር። አባታችን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ሲሠሩ የበኩር ልጃቸው በሒሳብ ቢወድቅ ክፍሉን አስደግመውታል። በዚህም ምክንያት በአንድ ዓመት የምታንሰው እኅቱ ደርሳበት አንድ ክፍል ተቀመጡ። ያ የበኩር ልጅ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው፤ ከዚያች ዓመት ጀምሮ ሁለተኛ መውጣት ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

እኅታችን ከዳይሬክተሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የእናታቸው የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር ይቆም ስለነበር ማንበብ የለመዱት በእርሱ ድምፅ ነው። ክሩ ከመበጠሱ በፊት ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ «እማዬ፣ ሊበጠስብሽ ነው» ይሉ ነበር። እውነትም ይበጠሳል።

ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሕክምና ትምህርት ቤት አንደኝነትን ለማንም አላስነኩም። በሕክምና ትምህርት ቤት ብቻ አንድ ተፎካካሪ ገጠማቸው፤ ኋላ የታወቁ የልብ ቀዶ ጠጋኝ የሆኑት፣ ባልንጀሮቻቸው «ብረቱ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ሁለቱ አንዴ አንዳቸው፣ አንዴ ሌላኛቸው እየቀደሙ ተመረቁ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰላምታቸው በአገጭ ብቻ ነበር።

እኅታችን በውጭ አገር በሕፃናት ልብ ሕክምና ሠልጥነው ሲመለሱ የተመደቡት «ላይኛው» በሚባለው ሆስፒታል ነው። የተሰጠቻቸውም ክፍል ከደረጃው ሥር ያለች፣ አስቀድሞ አንሶላ ይከማችባት የነበረች ጠባብ ስፍራ ነበረች። ማዳመጫቸውን በመዳፋቸው ካላሞቁ የሕፃን ደረት አያስነኩም። «ሕፃኑ ሲያለቅስ ልቡ አይሰማም፤ እናቱ ስታለቅስ ደግሞ ሐኪሙ አይሰማም» እያሉ መጀመሪያ እናቲቱን ያረጋጉ ነበር። ሌላው ያለፈውን የልብ ጉድለት እርሳቸው ሰምተው ስለሚያገኙት «ጆሮ» የሚል ስም ወጣላቸው።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከድልድይ መሐንዲሱ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ይሁንና «ሚስቴን ለማየት ተራ መያዝ ሊኖርብኝ ነው» ማለታቸው አልቀረም። ሴት ልጃቸው በሰባት ዓመቷ የእናቷን ማዳመጫ ከቦርሳ አውጥታ፣ «እኔንም ስሚኝ፤ ልቤ ይጮኻል» ብላ ፊታቸው ቆማለች። እናቷም ከፊት ከኋላ አዳምጠው «ልብሽ ደህና ነው፤ የቀናሽው አንቺ ነሽ» ብለው ከሥራ ቀርተው አብረዋት ውለዋል። ያ ቀን በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ እንደ በዓል ይወራል፤ አልተደገመምና።

በዚያን ዘመን በከተማው የሕፃናት ልብ ቀዶ ጥገና የሚደረገው በላይኛውና በታችኛው ሆስፒታል ነበር። የሚለያያቸው አንድ ቁልቁለት መንገድ ቢሆንም አንዱ መኪና ሲያገኝ ሌላው ዓይኑ ይቀላል። እያንዳንዱ የየራሱ ቀዶ ጥገና ክፍል ነበረው፤ የታችኛውን የሚመሩት ብረቱ ነበሩ፤ ሁለቱም ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሠሩ ነበር። እኅታችን ደህና ተጠግነው ከክፍሉ የወጡ ሕፃናት በማገገሚያው አልጋ ላይ ሲሞቱ አይተው ምክንያቱን መረመሩ። የደረሱበትንም በሆስፒታሉ ጉባኤ ተናገሩ። «እጅ የሚለምደው ደጋግሞ ሲሠራ ነው። በየቤታችን ጥቂት ጥቂት እየሠራን ሁላችንም ጀማሪ እንደሆንን እናረጃለን። የእኛ ክፍል ይዘጋና ሁሉም በታችኛው ይሠራ፤ የእነርሱ ማገገሚያ ከእኛ ይሻላል።»

ይህን ሲናገሩ ወንድ ልጃቸው በልብ ቀዶ ጥገና ሠልጥኖ ከተመለሰ ገና ወሩ ነበር። በላይኛው ሆስፒታል ክፍሉ ቀለም ተቀብቶ፣ ስሙ በሩ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀው ነበር። በዚያው ጉባኤ ተነሥቶ፣ «ዶክተር፣ ታዲያ እኔን ለምን አስተማሩኝ?» ሲል እናቱን ጠየቃቸው። «እንድትማር ነዋ! አሁንም አልጨረስክም፤ ወርደህ ከብረቱ ጎን ቁም» አሉት። ቤቱ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። ከዚያ ቀን በኋላ በእናቱ ቤት ይበላ የነበረውን የእሑድ ምሳ አቆመ፤ ሲያገኛቸውም ከ«ዶክተር» በቀር ሌላ ስም አልጠራቸውም። የዘመድ ሴቶችም «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ አሙዋቸው።

የላይኛው ክፍል ገና ሳይዘጋ አንድ የታክሲ ሹፌር ሕፃን ልጁን ይዞ መጣ። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው፤ ጥቂት ተራምዳ ቁጢጥ ትላለች። ልጃቸው ሊሠራላት ቀን ቆርጦ ነበር። እኅታችን ግን ሹፌሩን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ልጅቱን ወደ ታችኛው እንዲያወርዳት መከሩት።

«የገዛ ልጅዎን አያምኑትም እንዴ፣ ዶክተር?» አለ ሹፌሩ።

«አምነዋለሁ። ግን ልብ በአንድ ሰው አይጠገንም፤ ዙሪያው ያሉት ገና አልለመዱም።»

ልጃቸው ይህን ሲሰማ ስሙ ከበሩ ላይ የተገነጠለ ያህል ተሰማው። የቀዶ ጥገናው ዕለት ወደ ታችኛው ሆስፒታል የወረደውም ሊማር ሳይሆን ስሕተት ሊለቅም እንደነበረ ራሱ ይናገራል። ብረቱ ሠርተው ጨረሱ፤ ሕፃኗም ወደ ማገገሚያው ተወሰደች። ከሰዓት በኋላ ከደረቷ ደም የሚያወጣው ቱቦ ድንገት መፍሰሱን አቆመ። ልጃቸው ከአልጋው ግርጌ ቆሞ «ደሙ ቆመ፤ ጥሩ ነው» አለ። ደሙ አልቆመም፤ ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኖ መውጫ ያጣው ደም ልቧን ዙሪያውን ይጫን ነበር። እርሱ ንግግሩን ሳይጨርስ አንዱ የአልጋውን አጥር አውርዷል፣ ሌላው የሚተካውን ደም ይዟል፣ የመክፈቻው ዕቃ ተዘርግቷል፣ ብረቱም ጓንታቸውን አጥልቀዋል። «አምጡ» ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ይዞ ነበር። ደረቷ እዚያው አልጋው ላይ ተከፍቶ የረጋው ደም ወጣ፤ ከንፈሯም ቀላ።

ብረቱ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ «እናትህ አንደኝነቷን በአንተ ልታስመልስ ነው የላከችህ?» አሉት። በሳምንቱ የቀዶ ጥገና ጫማውን በላስቲክ ይዞ ወረደና ረዳታቸው ሆነ።

ሁለቱ ክፍሎች አንድ ከሆኑ በኋላ ቀድሞ ተስፋ የለውም ይባል የነበረው ሕፃን ሁሉ ወረፋ ያዘ፤ አብዛኛውም በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። የታክሲ ሹፌሩ ልጅ ዛሬ መምህርት ናት። ልጃቸውም ብረቱ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ተተክቶ ክፍሉን ይመራል። የእሑድ ምሳው ተመልሷል፤ ያ ጉዳይ ግን በእናትና በልጅ መካከል አልተነሣም። ሁለቱም የአባታችን ዘር ናቸው፤ አንገታቸው ቶሎ አይታጠፍም።

እኅታችን ጡረታ ከወጡ በኋላም በታችኛው ሆስፒታል ወጣት ሐኪሞችን ማዳመጥ ሲያስተምሩ ቆይተው ባለፈው ዓመት በደም ካንሰር ታመሙ። ሁለቱ ሆስፒታሎች «እኛ ዘንድ ነው የሚተኙት» ተባብለው ለየብቻቸው አልጋ አዘጋጁ። እርሳቸው ግን «ስትፎካከሩ አልጋ ለሕፃን ይጠፋል፤ እኔ ቤቴ እተኛለሁ» አሉ። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ተለይተውናል። ዛሬ በዚህ ስፍራ «እናቴ» እያለ የሚያለቅሰው ሰው ብዙ ነው። ቤተሰቡ ሁሉንም ከልብ ያመሰግናል፤ ይሁን እንጂ የወለዷቸው ልጆች ሁለት መሆናቸው፣ ወንድማቸውም አንድ ብቻ መሆኑ ተጽፎ ይቀመጥልን።

የሕፃናትን ልብ የሰሙ ጆሮዎች የፈጣሪን የምሕረት ቃል ይስሙ፤ ነፍሳቸው ከደጋጎች ጋር ትረፍ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ልጃቸው አንብቦት የሚከተለው በራሱ ቃል እንዲገባ ጠይቋል፦

«እማዬ ሕፃኗን ለብረቱ የሰጠቻት እጄን ንቃ መስሎኝ ነበር። ቀናሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህን በየእሑዱ ልነግራት እየመጣሁ ምሳ በልቼ እመለስ ነበር።»