የዞረው ፊት

መጋቢት ፬፣ ጠዋት

…ፈረሱ ግን ቆሞ ነበር። የጥር ጊዮርጊስ የፈረስ በዓል ዕለት፣ ሜዳው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ጋላቢው ፈንታ ኮርቻው ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ትንፋሼን ያዝሁ። የካሜራዬን ቁልፍ ልጫን ስል ከኋላ አንድ ሰው ጠራው። ዞረ። ተጫንሁ። በታጠበው ሥዕል ላይ የፈረሱ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። የፈንታ ጋቢ ከትከሻው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ከአንገቱ በላይ ጉም ነው። የጠራውን ሰው ያን ቀን ረገምሁት።

ይህን ለምን ዛሬ እጽፍልሃለሁ፣ ማስታወሻዬ? እናቱ እማማ የሺ ከጥርባ በእግር መጥተዋል። ፈንታ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። ለአርባው ፈረሱ ተሸልሞ በለቅሶው መሃል ይዞራል፤ ፎቶግራፉ ከፊት ይያዛል። ሌላ ፎቶግራፍ የለውም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣ፣ በእኔ።

አሳየኋቸው። ፈረሱን በስሙ ጠሩት። ከዚያ ጣታቸውን ጉሙ ላይ አኑረው በአገውኛ አነጋገሩት። የእኔ አገውኛ ከገበያ አያልፍም። ምን እንዳሉት አልጠየቅሁም።

ዓይኑን በእርሳስ አውጣልኝ፣ ልጄ፣ አሉ። አልስልም፣ ሕግ አለኝ አልኋቸው። ከአፌ ወጥቶ ሳያበቃ አፈርሁ።

መጋቢት ፭

ለሥራዬ ያወጣኋቸውን ሦስት ሕጎች ደግሜ አነበብሁ። ያልፈቀደ ሰው አላነሣም። ሬሳ አላነሣም። ብርሃን ያልጻፈውን በእርሳስ አልጽፍም።

ይህ ሦስተኛው ከአንድ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ የመጣ ነው። ፎቶግራፌ ላይ ከረባት ሣልልኝ አለ፤ ሣልሁለት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ከረባት ፈለገ፣ ዲያቆኑ ሳይቀር።

ጎረቤቴ ኑሩ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሳቀብኝ። ሕግ ታወጣለህ፤ ፎቶ የምታጥብበት የጨለማ ክፍልህ በር እንኳ አልታዘዘህም ይላል። እውነት ነው። እንጨቱ በክረምት አብጦ ተጣሟል፣ አይገጥምም። ብርሃን እንዳይገባ ክፍተቱን በጨርቅ እወትፋለሁ። ጨርቁም የኑሩ ነው።

መጋቢት ፯፣ ከሰዓት

ቀኑን ሙሉ ደመና። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ሥዕሉን በካሜራ መልሼ አነሣሁት፣ እንዲያድግ። አደገ። ፈረሱ አደገ። ጉሙም አደገ።

ፊቱን ልሣል ብልስ? እስቲ እውነቱን። እርሳስ ይዤ ዓይኔን ጨፈንሁ። ፈንታን በካሜራው መስታወት ያየሁት እኔ ነኝ። ብርሃኑን አስታውሳለሁ። የኮርቻውን ጥልፍ፣ የፈረሱን ግንባር። ፊቱን አላስታውስም። ሕጉ ባይኖር ምኑን ልስል ነበር? እማማ የሺ ሕጌን እንጂ ይህን አያውቁም።

አራተኛ ሕግ ጻፍሁ፦ ከመጫንህ በፊት ሰውየውን እይ። ለፈንታ አይደርስለትም።

መጋቢት ፱፣ ከቀኑ ፱ ሰ.

እማማ የሺ ተመልሰው መጡ። ልጃቸውን ዘርፌን ይዘው፣ የፈንታን ታናሽ። ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋት ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ ያደርጋሉ። የእሷና የወንድሟ ዓይን አንድ ነው፣ ከእሷ ቅዳ ይላሉ። ዘርፌ የት እንደምታይ ቸግሯታል፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ ካሜራውን። ወንድሜ ይህን ቢያይ ከፈረሱ እስኪወድቅ ይስቅብኝ ነበር አለች። ማንም አልሳቀም።

እርሳሱን ቀረጽሁ። ሦስተኛውን ሕግ ሰረዝሁ። እነሆ፣ ሰረዝሁት።

የመጀመሪያውን መስመር ልጀምር ስል እማማ የሺ ጠየቁኝ። ፈረሱ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲወጣ ልጄ ለምን ጠፋ? ሳላስብ መለስሁ። ከኋላው አንድ ሰው ጠራው፣ ዞረ፣ አልሁ።

ሥዕሉን አዩ። ጉሙን አይደለም፤ የተንጠለጠለውን ጋቢ።

«ጋቢህ ወደቀ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ዘርፌ ቀና አለች። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ሌላም ሰው ጠርቶት ይሆናል፣ ግርግር ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር። እማማ የሺ ሥዕሉን ከእርሳሴ ሥር ሳብ አደረጉት። ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። በሩን ከውስጥ ሳቡት።

ገጠመ።