አስቀድሜ ያመሰገንኩበት ውሃ

ረቡዕ፣ ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሚዛን ተፈሪ

ዛሬም አልቻልኩም። ሩጫውና ብስክሌቱ አያስፈሩኝም፤ የቴፒን መንገድ ዳገት ከብስክሌቴ ሳልወርድ ጨረስኩት። ወንዙ ግን ደረቴ ላይ ሲደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ወደ ዳር ተመልሼ ወጣሁ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው ለሚደረጉበት ውድድር፣ ለትራያትሎኑ፣ ስድስት ሳምንት ቀረው። መጀመሪያ ደግሞ ዋናው ነው፤ ውድድሩ የሚጀመርበትን ሐይቅ ዋኝቶ ያልተሻገረ ብስክሌት ላይ አይወጣም።

ባለፈው እሁድ ምን አስቸኮለኝ? ጉባኤው ፊት ቆሜ "ጌታ የውሃ ፍርሃቴን ወስዶልኛል" ብዬ መሰከርኩ። በእምነት ነበር። አስቀድሜ ካመሰገንኩ ይሆንልኛል ብዬ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ከወንዙ ስወጣ እትዬ አስቴር ልብስ አጥበው ጨርሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የጸሎት ቡድናችን ታላቅ ናቸው፤ ይህ ፍርሃት እንዲለቀኝ ረቡዕ ረቡዕ ይጾሙልኝ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እሳቸው ግን በጠዋቱ ቅቅል ጎደሬ ይበላሉ።

"ዋኘህ ልጄ?" አሉኝ እርጥብ ቁምጣዬን አይተው።

"አዎ" አልኩ። ለምን አዎ እንዳልኩ እንጃ።

"ተመስገን! እኔማ ምስክርነትህን ሰምቼ ጾሙን ተውኩት። የተመለሰ ጸሎት ምን ይለመናል? ማመስገን ብቻ ነው የቀረኝ።" ከጎደሬው ቆርሰው አጎረሱኝ።

"እትዬ፣ አልለቀቀኝም፣ እባክዎ ይጹሙልኝ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከጎደሬው ጋር ዋጥኩት።

ጌታ ሆይ፣ የሚለምንልኝን ሰው በገዛ አፌ አስቆምኩ። ራሴ እንዳልለምንህ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ፊት ያመሰገንኩህበትን ነገር እንዴት ብዬ ስጠኝ ልበልህ?