ስም የሌላቸው አርባ ሸክላዎች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ሰላም ነህ ወይ? ወገብህስ፣ መኪና ሥር ተኝተህ ስትነሣ አሁንም ቀስፎ ይይዝሃል? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ባለቤትህስ፣ ትንሿስ፣ ድብልብሉስ እንዴት ከረሙ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ነፍሴ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተወትፋ ነው የከረመችው። ለእማዬ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰላምታ ብቻ አንብብላት፤ የቀረውን ከሰማች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

እንደምታውቀው የምሠራው አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ በሚሸጥበት ሱቅ ነው። አለቃዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሱቁ ኋላ ያለችውን ክፍል እንድተኛባት የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ከወንበራቸው ጀርባ አንድ መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ያሉት አርባ ሸክላዎች አይሸጡም። ሁሉም ጃዝ ነው፤ ግማሹ ሃርድ ቦፕ የሚሉት፣ ግማሹ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመናዊው። በወጣትነታቸው ምሳ እየዘለሉ ነው አሉ የሰበሰቧቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ለቀዶ ሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ሲሄዱ አደራ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ አሉኝ።

ታውቀኛለህ። ችኩሊት ያልከኝ በከንቱ አይደለም። ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብዬ አርባውንም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌያቸው አደርኩ። ጠዋት ብሩሼን ይዤ ስመጣ፣ በየሸክላው መሃል የነበረው፣ ስሙ የተጻፈበት ክብ ወረቀት ሁሉ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ጠበቀኝ። ላነሣው ስል እንደ ራሰ ዳቦ እጄ ላይ ሟሟ። ሸክላዎቹ ግን ማብራታቸው! ፊቴን አየሁባቸው፤ የሌባ ፊት ነበር።

ጉድ ፈላ አልኩ። በአንድ በኩል አርባ ጥቁር ሸክላ፣ በሌላ በኩል አርባ ባዶ ሽፋን። የትኛው የማን ነው? ደግነቱ በየሸክላው ላይ፣ ወደ መሃሉ ጠጋ ብሎ፣ በመርፌ የተጫረ የመሰለ ቁጥር አለ። የሃያ ስድስቱ ቁጥር ሽፋኑ ላይ ካለው ጋር ገጠመልኝ። የአሥራ አራቱ ግን ከምንም አልገጥም አለ። የሽፋኖቹን ጀርባ አነበብኩ፦ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም። ቀጣዩን አየሁ፦ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም። አሥራ አራቱም እንዲሁ! ወንድም ጋሼ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሥራዬም፣ መኝታዬም፣ የሰውየው እምነትም በአንድ ሳሙና ታጥቦ ሄደ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ እነዚህን ሸክላዎች ሃያ ዓመት በግድግዳው በኩል ሲሰማቸው ኖሯል። ለምኜ አመጣሁት። መርፌው ከማረፉ ይቺማ የሰኞ ጠዋቷ ናት አለ። ስሟስ ስለው፣ ግድግዳ ስም ይናገራል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ሁሉንም ያውቃል፤ የአንዱንም ስም አያውቅም! ግን አንዱን ድራም መቺ፣ ሽንት ቤት ተይዞበት በር እንደሚደበድብ ሰው ነው አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ሰውዬ የትም ብሰማው አይጠፋኝም።

ኋላ አንተ ትዝ አልከኝ። ዓይንህን ጨፍነህ ሞተር ስታዳምጥ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አትስሚ፣ አንዱን ያዢና ሌላውን ተዪው ትለኝ ነበር። እንዳልከው አደረግሁ። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ፣ ደግሜ ድራሙን ብቻ፣ ደግሜ ፒያኖውን። ለካ ሃርድ ቦፕ ሥርዓት አለው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ዜማውን አብረው ይከፍቱታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በተራው የሆዱን ያወራል፤ ከድራሙ ጋር አጭር አጭር ይመላለሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ዜማውን አብረው ይዘጉታል። ዘመናዊው ደግሞ አይቸኩልም፤ መሃል ላይ ዝም ይላል። ሸክላው የተበላሸ እየመሰለኝ ስንቴ ብድግ እንዳልኩ! አንዱ ፒያኖ ተጫዋች እየተጫወተ ያጉረመርማል፤ አንዱ ሳክስፎን ነፊ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። የሰማሁትን በየሽፋኑ ጀርባ ካለው ሐተታ ጋር እያስተያየሁ አሥራ ሁለቱን ወደየቤታቸው መለስኩ። ሁለቱ ግን እንደ መንታ ሆኑብኝ፤ በግምት ከተትኳቸው።

ይህን ሁሉ ስማር አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አላዳመጥኩም። ደንበኛ በሩን በከፈተ ቁጥር እሳቸው እየመሰሉኝ ልቤ ድው ትል ነበር። እህል አልወርድ ብሎኝ ቀሚሴ ሰፋኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሴት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነው ያስገባቻቸው። ሰላም ስላቸው ዓይናቸው እኔን አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሕክምናው አልሆነም፤ ጭራሽ አያዩም። ወንድም ጋሼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተርፌያለሁ የሚል ነበር።

ልጃቸው ወንበራቸው ላይ አስቀምጣቸው ሄደች። ወዲያው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው አንድ ሸክላ አወጡ። በጣታቸው ዳሰሱት። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወረቀቱስ አሉ። አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ በተሻለኝ። ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግረኝ፣ ግድ የለም ልጅቷ ታነብልኛለች ብዬ ነበር የተጽናናሁት፤ አሁን ምኑን ልታነቢልኝ ነው አሉ። አዲስ ወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ አልኳቸው። ለማን አሉኝ።

ከዚያ አጫውቺው አሉ። አጫወትኩና ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ሌላ አሉ። ነገርኳቸው። እንዲህ እያልን ከነዚያ በግምት ከከተትኳቸው አንዱ ላይ ስንደርስ፣ የለም፣ እሱና ያኛው ተቀያይረዋል ብለው አቃኑኝ። ከመደርደሪያው ግማሹን እንኳ ሳንጨርስ ነገ ማልደሽ ክፈቺ ብለው ሊነሡ ሲሉ ትከሻዬን ፈልገው ያዙ። አትሂጂብኝ አሉኝ። እኔ ያባርሩኛል ብዬ ስርድ፣ እሳቸው ለካ እኔ እንዳልሄድባቸው ፈርተው ኖሯል።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ግን ይኸው እስካሁን እፈራለሁ፤ ሰው እንዲህ ሲደገፍብኝ የመጀመሪያዬ ነው። በሚመጣው ወር እመጣለሁ ያልኩትም አይሆንም፤ ለእማዬ በዘዴ አንተው ንገርልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብዬሻለሁ በልልኝ። ለባለቤትህ ናፍቆቴ ይድረሳት፤ በእኔ ፈንታ አንተን ትቆጣልኝ። ትንሿን ጉንጯን፣ ድብልብሉን ሆዱን ሳምልኝ። አንተም ብርድ ላይ አትተኛ።

ችኩሊት እህትህ
ከሸክላ ቤቱ ኋላ ካለችው ክፍል
ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን