ዝም ያለው ጎማ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ከእኔ ትሻላለች። እኔ ከአልጋ የምነሳው በአምስተኛው ነው።
ልጄን ሥራ አደረስኋት። ነርስ ናት፣ በጧት ትገባለች። እንደ ወትሮዋ ከፊቷ ያለችውን መስታወት አውርዳ፣ ፒን በጥርሷ ይዛ፣ ፀጉሯን እያሰረች አወራችኝ። ማታ ደክሟት ስለምትተኛ የምናወራው በዚችው ሃያ ደቂቃ ነው።
ይህ ደብተር የሟቿ ሚስቴ ነበር። ዘይት የተቀየረበትን ቀን፣ መካኒክ ያለውን፣ ሁሉን ጽፋበታለች። እንደ ጉንዳን ሰልፍ ጥቅጥቅ ያለ ጽሕፈት። እኔ ከኋላ ጀምሬ እጽፋለሁ። የእሷን ግን አላነበብሁም። ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካበቀልሁ በኋላ ነው... የጉንዳን ሰልፍ ማን ያነባል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎተተችኝ። አንድ ባለ ብስክሌት ለጥቂት ተረፈ። የሰደበኝ ስድብ እስከ አያቶቼ ይደርሳል። ልጄ ፀጉሯን ለቃ የበሩን እጀታ ጨበጠች።
«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»
«መንገዱ ነው።»
«መንገዱማ ሜዳ ነው!»
ከዚያ በኋላ እስክንደርስ እጀታውን አልለቀቀችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ልጄ በታክሲ ሄደች። «ወይ አጎቴ ይያት፣ ወይ ሽጣት። እስከዚያ አልገባባትም» ብላ።
አጎቷ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። መካኒክ። ጆሮ ይሉታል፤ ካቻቪቴ ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ በሽታውን ይናገራል። ሚስቴ በሞተች ሰሞን «ይህን ብረት ሽጠው፣ ብቻህን አትችለውም» አለኝ። እኔን! አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁትን! «ያበጠው ይፈንዳ» ብዬ በር ዘጋሁበት። ሦስት ዓመት ሆነው። እስካሁን የፈነዳ የለም።
እኔው እሠራታለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 7
የኋላውን ቀኝ ጎማ ፈታሁ። ከክሪኩ ይልቅ ጉልበቴ ጮኸ። ወደ ቀኝ ከጎተተች የታመመው ቀኙ ነው፤ ይህን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም። ፍሬኑን የከደነውን ታምቡር በመዶሻ አስወጣሁት። ውስጡ ንጹሕ፣ የፍሬኑ ሸራ ደረቅ፣ ገና ያላለቀ። በሽታ የለበትም... እንግዲያው ጥጋብ ነው አልሁ። ፍሬኑን አላላሁት። በደንብ አድርጌ አላላሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
አትጎትትም! ቀጥ ብላ ሄደች። ቀጥ ብላ ሄዳ የገዛ ግቢዬን በር ገጨች። ለካ የማትጎትተው ስለማትቆም ነው።
ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ «ምነው፣ በሩ ዝግ መሆኑን አላዩም?» አለችኝ።
«ጥንካሬውን ልፈትን ነው» አልኋት።
«እና?»
«ደኅና ነው።»
በሩ ለሁለት ታጥፎ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
የቀኙን ሸራ ፈትቼ በፌስታል ጠቅልዬ ጆሮ ጋ ሄድሁ። ጋራዡ ደጃፍ ሦስት ጊዜ አለፍሁ፣ አራተኛው ላይ አየኝ።
«ደኅና ዋሉ» አለኝ። ዋሉ! ሃያ ዓመት «አንተ» ሲለኝ የኖረ ልጅ።
«የአንድ ወዳጄ መኪና ነው» ብዬ ፌስታሉን ሰጠሁት።
ሸራውን አገላበጠ። አሸተተ። ለካ አፍንጫም አለው።
«ይሄ ጤነኛ ነው። ወዳጅዎ የፈታው የሚሠራውን ጎማ ነው።»
«ወደ ቀኝ እየጎተተ?»
«የሚጎትተው ብቻውን ስለሚይዝ ነዋ! ግራው ተኝቷል። የሚጮኸውን ትቶ ዝም ያለውን ይፈትሽ በሉት።»
«እነግረዋለሁ።»
«ሰው ይሰማል ወዳጅዎ?»
«አይ... አይሰማም» አልሁ። ምን ልበል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ግራውን ፈታሁ። ታምቡሩ ውስጥ ዘይት፣ ሸራው ላይ ዘይት፣ እስከ ክርኔ ዘይት። አክስሉን ይዤ ነቀነቅሁት፤ አልተላወሰም፣ ኩሽኔታው ደኅና ነው ማለት ነው። ታዲያ ዘይቱ ከየት መጣ? ወደ ፍሬኑ እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት፣ ማገጃው፣ ምን ነካው?
አርባ ዓመት መንዳትና ማወቅ ለየቅል ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ማን ነበር... እኔን አይቶ ነው።
ልጄ ወጥታ መሬት ላይ ተዘርፍጬ አየችኝ። ሳሙና አስቀምጣልኝ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ጆሮ ከሥራ መልስ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መጣ። የታጠፈውን በር አየ፣ መኪናዋን አየ።
«ወዳጅዎ እዚህ ነው የሚኖረው?»
«አልፎ አልፎ።»
ከሥር ገባ። ብዙ ቆየ። በኋላ ከዚያው ከሥር ጮኸ፤ «አንተ ሰውዬ!»
አንተ አለኝ።
«ይህችን ቀዳዳ ማን ደፈናት?»
ከአክስሉ መሐል፣ ከላይ በኩል ያለች ትንሽ ቀዳዳ። ሰኔ ላይ ዘይት ሲያልባት አየሁና፣ ዝናብም ይገባባታል ብዬ፣ እንጨት ጠርቤ በሙጫ ደፈንኋት። ኮርቼባትም ነበር።
«ወዳጄ ነው» አልሁ።
«መተንፈሻ እኮ ናት! ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ያብጣል። በዚች ካልተነፈሰ ዘይቱን በጎን ገፍቶ፣ ማገጃውን ጥሶ ፍሬን ላይ ያፈሰዋል። ለእህቴ ነግሬያት ነበር። ደብተር ላይ ስትጽፈው በዓይኔ አይቻለሁ።»
ደብተሩ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። በእጄ ሸፈንሁት፣ እንደ ሌባ።
ያበጠው ፈነዳ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ቀኑን ሙሉ በጣቴ የጉንዳን ሰልፍ ስከተል ዋልሁ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ አገኘሁት።
«ወንድሜ እንዳለው፣ ከኋላ አክስሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ መተንፈሻ ስለሆነች እንዳትደፈን። በቃል ብነግረው አውቃለሁ ይለኛል። ስለዚህ ጻፍሁት። ሲቸግረው ያነበዋል።»
ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በሁለተኛው ሳቅሁ። በሦስተኛው... መነጽሬን መወልወል ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ጆሮ ቀዳዳዋን ከፈተ። ማገጃውን ቀየረ፣ ለሁለቱም ጎማ አዲስ ሸራ አሰረ፣ እኔ ያላላሁትን አጠበቀ። እኔ ካቻቪቴ አቀባይ ነበርሁ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ አቀበልሁት።
እጁን እየጠረገ የፊቱን ወንበር አየ። «ያኔ ሽጠው ያልሁህ እሷ የሌለችበትን ወንበር ማየት አቅቶኝ ነው።»
«እኔም ያልሸጥሁት ለዚያው ነው» አልሁት።
ከዚያ ስለ ኩሽኔታ አወራን። ረጅም ሰዓት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ልጄ ገባች። ገና መኪናዋን ሳላስነሳ እጀታውን ያዘች። አየኋት።
የመጀመሪያው መብራት ላይ ፍሬን ያዝሁ። መኪናዋ እንደ ችካል ቆመች። ቀኝም ግራም የለ።
«መንገዱን ሠሩት መሰለኝ» አለችኝ።
«አይ፣ መንገዱ ደኅና ነበር። እኔ ነኝ።»
ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንደ ነካኝ ለማወቅ ይመስለኛል፣ ነርስ ናት።
ሁለተኛው መብራት ላይ እጀታውን ለቀቀች። መስታወቷን አወረደች፣ ፒኑን በጥርሷ ያዘች፣ በሁለት እጇ ፀጉሯን ማሰር ጀመረች።