አማቴን ከ«ሰባተኛ ሰማይ» ስላባረሩልን

ለተከበሩ አቶ ቸኮል
የ«ሰባተኛ ሰማይ» የምሽት ክበብና የቀጥታ ሙዚቃ አዳራሽ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ሆሳዕና

ጉዳዩ፦ አማቴ ወይዘሮ ብርቅዬ ዕድሜ ልካቸውን መታገዳቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤዎን በታላቅ አክብሮት መቀበላችንን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ድምፅ ማጉያዎችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? በተለይ ቅዳሜ ዕለት ውሃ የጠጣው የጭስ ማሽንዎ እንዴት እንደ ሰነበተ ሳልጠይቅ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የባለቤቴ የሔዋን ግራ ጆሮም ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ነህምያ ኤርጎጌ እባላለሁ፤ እዚሁ ከተማ የአማርኛ መምህር ነኝ። ረቡዕ ጠዋት በጥበቃ ሠራተኛዎ እጅ የላኩልን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደርሶን፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንብቦታል። «የስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ወይዘሮ ብርቅዬ በክበቡ ላይ በፈጸሙት የውሃ ጥቃት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜ ልካቸውን ታግደዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አማቴ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ እንዳነብላቸው ጠይቀውኛል። በዕድሜያቸው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በስማቸው ሲደርሳቸው የመጀመሪያው ነው። መልሴን በግል ልልክልዎት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ የአማቴን ፎቶግራፍ በክበብዎ በር ላይ ለጥፈው ለሕዝብ ስላቀረቧቸው፣ እኔም ምስጋናዬን በጋዜጣ ለሕዝብ ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ምስጋናዬ እንዲገባዎት ከየት እንደመጣን በአጭሩ ላስረዳ። አማቴ የሆመቾ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ታደሰ በጤና ረዳትነት ሠላሳ ዓመት አገልግለው፣ ታመው የተኙት ጡረታ በወጡ በዓመታቸው ነበር። በእነዚያ ወራት በሜሞሪ ካርድ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ትራስጌያቸው ትቀመጥ ነበር፤ በውስጧም ድምፃዊት ሀሴት ስለ ዝናብ የዘፈነችው ዘፈን ነበረ። ባልና ሚስት በየቀኑ ይሰሙታል፤ አቶ ታደሰም ሲሻለኝ ልጅቷን በአካል ወስጄ አሳይሻለሁ ይሏቸው ነበር። ሳይሻላቸው አረፉ። ዓመቱ ሞልቶ አማቴ ጥቁር ልብሳቸውን ያወለቁ ዕለት፣ ሔዋን ምን እንደሚፈልጉ ብትጠይቃቸው፣ ሻሽ ወይም ጫማ ይላሉ ስንል ያቺን ዘፋኝ ማየት እፈልጋለሁ አሉ። በዚያው ሳምንት የእርስዎ ማስታወቂያ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ ወጣ፦ ድምፃዊት ሀሴት፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ልዩ የቤተሰብ ፕሮግራም። እኛም ቤተሰብ ነንና መጣን። ከዚህ በኋላ ያደረጉልንን ውለታ በቁጥር እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰዓት አከባበርዎ። አሥር ሰዓት ላይ በርዎ ደርሰን በሩ የተከፈተልን አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከጃጁራ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከቦኖሻ የመጡት ደግሞ መመለሻ መኪና ያመልጠናል ብለው ገና ሳይገቡ መሰናበት ጀምረው ነበር። ስምዎ ቸኮል መሆኑን ሰምተን ስለነበር ትንሽ ተደናግረናል፤ ሆኖም ስም የሚወጣልን ልጆች ሳለን ስለሆነ ማንም ሰው በስሙ አይጠየቅም። በዚያ ቆይታችን አማቴ ከአጠገባቸው ከቆሙት ስምንት ሰዎች ጋር ዝምድና ቆጥረው፣ ከሁለቱ ጋር ዘመድ ሆነው ተገኝተዋል። እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበቃዎ ጥብቅነት። የጥበቃ ሠራተኛዎ ፈትሁዲን እጅግ ጨዋ ሰው ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይገባ ከእርስዎ የተቀበለውን ትእዛዝ በማክበር፣ አማቴን ዝቅ ብሎ እጅ ከነሳ በኋላ መታወቂያ ጠየቃቸው። ሔዋን እየሳቀች ልታስረዳው ብትሞክር፣ ሰው አይቶ መለየት የእሱ ሥራ እንዳልሆነ፣ ጋሼ ቸኮል ሁሉም ያሳይ እንዳሉ ነገራት። አማቴ መታወቂያቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት፤ እሱም የትውልድ ዘመናቸውን በጣቱ ቆጥሮ ዕድሜያቸው መድረሱን አረጋገጠላቸው። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንን ወሬ ያልሰማ የቁምስናችን ምእመን የለም። በሩ ላይ ሲፈተሹ ከቦርሳቸው የተወሰደው ቆሎ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ሦስተኛ፣ ስለ መቀመጫችን። «ሰባተኛ ሰማይ» ምድር ቤት ውስጥ መሆኑን አናውቅም ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ ሃያ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ሰማዩ በዚህ በኩል መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ቪአይፒ የተባለው ሶፋችን በእውነት የሚመች ነበር፤ ፊት ለፊቱ ግን ሕንጻውን የተሸከመው ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው በስተቀኝ የከበሮ መቺውን ጉልበት፣ በስተግራ የሀሴትን ክንድ እናይ ነበር። አማቴም ክንዷ ጥሩ እንደሆነ መስክረዋል።

አራተኛ፣ ስለ ድምፁ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል። ድምፅ ማጉያው ከሔዋን ግራ ጆሮ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለነበረ፣ ሙዚቃውን የሰማነው በጥርሳችን ነው። ሀሴት በምን ቋንቋ እንደምትዘፍን ለማወቅ ብዙ ደክመናል። እኔ በሀዲይሳ ነው አልኩ። ከዱራሜ የመጡ አንድ አጠገባችን የተቀመጡ ጎልማሳ በከምባትኛ እንደሆነ ምለው ተገዝተው፣ ደስ ብሏቸው ያጨበጭቡ ነበር። በኋላ ኪቦርድ ተጫዋቹን ብንጠይቀው አማርኛ እንደነበረ ነገረን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

አምስተኛ፣ ስለ ጭሱና ስለ «ውሃ ጥቃቱ»።

አራተኛው ዘፈን ላይ ሠራተኛዎ ከሶፋችን ጀርባ ያለውን ማሽን ከፈተው። በማስታወቂያዎ ላይ ስለ ጭስ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ጭሱ መጀመሪያ ጫማችንን፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን፣ በመጨረሻም የዱራሜውን ጎልማሳ ከነጭብጨባቸው ዋጣቸው። እኔ በበኩሌ ሚስቴን የያዝኩ መስሎኝ የያዝኩት የማላውቀውን ሰው እጅ እንደነበረ ዛሬ በሕዝብ ፊት እናዘዛለሁ። አማቴ ግን ከጤና ረዳት ጋር አርባ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። እሳት ሲነሣ መጮህ እንደማይገባ፣ ምንጩን ፈልጎ ማጥፋት እንደሚገባ አቶ ታደሰ አስተምረዋቸዋል። ስለዚህ አልጮሁም። የጎረቤታችን ቢራ የሚቀዘቅዝበትን በበረዶና በውሃ የተሞላ ባልዲ ከጠረጴዛው ሥር አነሡ፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥተው በሥርዓት ደረደሩ፣ ከዚያም ባልዲውን እንዳለ ማሽንዎ ላይ ገለበጡት።

ማሽኑ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ቀጥሎ መብራቱም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ጸጥ አለ።

እርስዎም ስምዎን ያስከበሩት ያን ጊዜ ነው፤ ከቢሮዎ ተነሥተው መሐል አዳራሽ ለመድረስ የፈጀብዎት ጊዜ በዚያ ዕለት ካየነው ነገር ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ይህንን ያደረገው ማን እንደሆነ በጩኸት ጠየቁ። ሰው ሁሉ የስልኩን መብራት አብርቶ እርስ በርሱ ሲተያይ አማቴ ባልዲውን እንደያዙ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ። አይዞህ ልጄ፣ ጠፍቷል።»

እርስዎ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልደግመውም፤ ተማሪዎቼ ጋዜጣ ያነባሉ። ሆኖም ተቆጥተው ወደ መብራት ቆጣሪው ስለሄዱ ያመለጠዎት ነገር አለና፣ እሱን መንገር ግዴታዬ ይመስለኛል።

ሀሴት ከመድረክ ወርዳ በስልክ መብራት እየተመራች ወደ ሶፋችን መጣች። የተቆጣች መስሎን ሔዋን ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ልጅቷ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እንባዋን እየጠረገች ነበር፤ ጭሱ በየመድረኩ ጉሮሮዋን ሲዘጋት መክረሙን፣ ማንም ሰው ግን እስካሁን ባልዲ አንሥቶላት እንደማያውቅ ነገረችን። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ ከየት እንደመጡ አማቴን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በሀዲይሳ ስለ አቶ ታደሰ፣ ስለ ሬዲዮዋና ስለ ዝናቡ ዘፈን ነገሯት። ልጅቷም ሰምታ ስትጨርስ ሻሿን አስተካክላ፣ ያለ ማይክሮፎን፣ ያለ ኪቦርድ፣ የአማቴን እጅ እንደያዘች ዘፈነችው።

ክቡር ሆይ፣ አዳራሽዎ ጥሩ ድምፅ አለው። ምናልባት እስከ ዛሬ አያውቁ ይሆናል። ያንን ዘፈን በሩቅ ጥግ የተቀመጠ ሰው እንኳ ቃል በቃል ሰምቶታል። ፈትሁዲን በሩን ትቶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ የቦኖሻ ሰዎችም መኪናቸውን ረስተው አብረው ያንጎራጉሩ ነበር። ሔዋን አባቷ ከሞቱ ወዲህ በሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አማቴ አላለቀሱም። ዘፈኑ ሲያልቅ የልጅቷን እጅ ሳይለቁ እንዲህ አሏት፦

«ታደሰ ሁልጊዜ ከሬዲዮዋ በላይ ጮኾ አብሮ ይዘፍን ነበር። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ስለዚህ አቶ ቸኮል፣ እገዳው እንዲነሣላቸው አቤት ለማለት አልጻፍኩልዎትም። ለአንድ ሰው የተገባ ቃል እንዲፈጸም ሁለት ሰዓት አዘግይተውናል፣ ከምሰሶ ጀርባ አስቀምጠውናል፣ አደንቁረውናል፣ አጭሰውናል፤ ከዚህ አንዱ እንኳ ቢጎድል ሀሴት ከመድረኳ አትወርድም ነበር። ትልቅ ውለታ ነው። ደብዳቤዎ በመስታወት ገብቶ ሆመቾ በሚገኘው የአማቴ ሳሎን ተሰቅሏል። በሩ ላይ የለጠፉት ፎቶግራፍ ግን ዓይናቸውን የጨፈኑበት ስለሆነ፣ የተሻለ ከዚህ ጋር አያይዘናል፤ በአክብሮት እንዲቀይሩልን እንለምናለን።

ክበብዎን እግዚአብሔር ያስፋልዎት፤ ከተቻለም ወደ ላይ።

በደረጃዎ ልክ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ነህምያ ኤርጎጌ
የአማርኛ መምህር፣ የታጋጅ አማች
ሆሳዕና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ልቋጭ ስል በራችን ተንኳኳ። የመጡት ወላጅ እናትዎ ነበሩ። ምሳ አብረውን በልተው፣ ከአማቴ ጋር እስከ አሥር ሰዓት ተጫውተው ሄደዋል። ክበብዎ ከተከፈተ አራት ዓመት ቢሆነውም አንድ ቀን እንኳ ጋብዘዋቸው እንደማያውቁ ነገሩን። በእርስዎ አልተቀየሙም፤ አማቴን ግን እጅግ ይቀኑባቸዋል። «ለመታገድም እኮ» አሉን፣ «መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል።»