ለሚጮህ የሚደምቀው መብራት

ለልጅ ልጄ ለሰሊሆም፤ እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን። አያትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ጤነኛ ነው። እንሰቱም ጸድቋል።

እኔን ያሳመመኝ ያንቺ መብራት ነው። ሠርተሽ ለአደባባያችን የላክሽውን፣ ድምፅ ሲሰማ የሚደምቀውን፣ ሕዝቡ ወዶታል። ግን ሽማግሌዎች ለእርቅ በምንቀመጥበት ዱቡሻ ላይ ስቀሉት ያለ ማነው?

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ በመሬት ድንበር የተጣሉትን ወንድማማቾች፣ ገነነንና ደግነትን፣ ልናስታርቅ ተቀመጥን። ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ረጋ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ገነነ ትንሽ ጮክ ሲል መብራቱ ቦግ አለ።

"አያችሁ? እውነቴን እኮ ነው!" አለ።

ደግነት ደግሞ ተነሥቶ እስኪያስለው ጮኸ፤ አደባባዩ ቀን መሰለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

"አባ አንጁሎ፣ ፍርዱ ታወቀ እኮ! እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?" አለችኝ አንዷ።

አርባ ዓመት ሳስታርቅ ኖሬ በአምፖል ተሻርኩ! ተናድጄ "ዝም በሉ!" ብል ከሁሉም አብልጦ ለእኔ ደመቀ። ከዚያ ወዲህ የገበያ መሳቂያ ሆኛለሁ። ወንድማማቾቹም ይባስ ተኳርፈው ቀሩ፤ እናታቸው ታለቅሳለች።

ቅዳሜ ደግመን እንቀመጣለን። እባክሽ ልጄ፣ ከዚያው ሆነሽ የምታዥው ከሆነ፣ ዝም ላለ ሰው የሚደምቅ አድርጊልን። ሁለቱ በዝምታ ሲሽቀዳደሙ እርቁን እኔ እጨርሰዋለሁ።

የእጅሽን ሥራ ጌታ ያቅናልሽ።

አያትሽ አንጁሎ